ያዋጋን አንድ ቃል አይደለም

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጎርፈው ምእመን ዓይኑ ከአምባው አይነቀልም። መስቀል መስላ የተዘረጋችውን ተራራ ሽቅብ ይወጣል፣ ግማደ መስቀሉ አርፎባታል የሚባለውን ደብር ይሳለማል፣ ስለቱን ያገባል፣ ይመለሳል። እዚያው አምባሰል ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውጫሌ ግን ለብዙው መንገደኛ በመኪና መስኮት ታይታ የምታልፍ ከተማ ናት። ስሟን ያልሰማ ተማሪ የለም፤ የግሸን ጎረቤት መሆኗን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር ባለ 20 አንቀጹን ውል የተዋዋሉት በዚህ ምድር ነው። የአገሩ ሰው ቦታውን ይስማ ንጉሥ ይለዋል። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የወዳጅነት ውል የተባለው ወረቀት ሁለቱን ወዳጆች ዐድዋ ላይ አፋጠጣቸው።

ትምህርት ቤት የተነገረን አጭር ነው። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያንኛው ደግሞ በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። በአንዱ ቋንቋ መብት የነበረው በሌላው ግዴታ ሆነ፤ ኢትዮጵያ የኢጣሊያ ጥገኛ ተባለች፤ ነገሩ ሲገለጥ ጦር ተማዘዘ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሐሰት የለም። ጉድለቱ ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ መዝጋቱ ነው። በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ያልገጠመ ውል የዓለም መዝገብ ቤት ሁሉ ሞልቶታል። ቃል ሲሳሳት ይታረማል፤ ሁለት አስተርጓሚና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ይህኛው ለምን አልታረመም? በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት አምባ ለአምባ ያንከራተተው ግስ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

የዚህ ጽሑፍ መልስ እንዲህ ነው። ሁለት ባላንጣ መንግሥታትን ወደ ትልቅ ጦርነት የሚስባቸው ጠብ ያነሳሳቸው ጉዳይ ሳይሆን በጉዳዩ ላይ የተደራረበው ውርርድ ነው። በድሮው የተጠየቅ ሙግት ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን እየወዘወዘ «በቅሎ አግባ!» ይል ነበር። ጠቡ ለአንድ ቁና እህል ወይም ለአንድ ጋት ድንበር ሊሆን ይችላል። ውርርዱ ከማር ወደ ፈረስ፣ ከፈረስ ወደ በቅሎ ሲያድግ ግን ተሟጋቹ የሚከራከረው ለእህሉ መሆኑ ያበቃል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሰምቶታል፤ ቢመለስ የሚያጣው ከመጀመሪያው ጉዳይ ይበልጣል። መንግሥታትም እንደዚሁ ናቸው። ለብቻቸው ሲነጋገሩ ሊያጥፉት የሚችሉትን ቃል ሦስተኛ ወገን ፊት ከተናገሩት በኋላ ማጠፍ ይቸግራቸዋል።

ይህን የኢትዮጵያ ነገሥታት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ይመስላል፤ ምስክሩም ግሸን ራሷ ናት። አምባዋ የጸሎት ቦታ ብቻ አልነበረችም፤ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች የሚጠበቁባት እስር ቤትም ነበረች። ጭካኔው አያከራክርም፤ ዕድሜ ልኩን ገደል እየተመለከተ የኖረ ሰው ብዙ ነው። ከጭካኔው በስተጀርባ ግን ብልሃት ነበር። ተቀናቃኙ ልዑል አይገደልም፤ ከተከታዮቹ ይለያል። የይገባኛል ቃሉን የሚሰማው ሕዝብ፣ ቃሉን እንዲፈጽም የሚያስገድደው ጭፍራ፣ ከኋላው ሆኖ «በርታ» የሚለው መኳንንት ወደ አምባው አይወጣም። ምኞቱ ከእሱ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ይቀራል። ዘዴው ሁልጊዜ ሠርቷል ማለት አይደለም፤ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን አምባዋ ራሷ ተደፍራ ሀብቷ ተዘርፏል። አገር ከአገር ሲቀናቀን ደግሞ ባላንጣን የሚያወጡበት አምባ የለም። ሁሉም ሜዳ ላይ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

እንግዲህ ከውጫሌ በኋላ የሆነውን በቀን በቀኑ እንየው። ውሉ ሲፈረም ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር አልሞላም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ቢሉም ገና ዘውድ አልጫኑም፤ ትግራይም አልገባችላቸውም። ከብቱን የፈጀው በሽታ ገብቶ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን ይዞታል። ኢጣሊያ በበኩሏ ከምጽዋ ሙቀት ወጥታ ደጋውን መያዝ ትሻለች። አንቀጽ 3 ይህን ፈቀደላት፤ አስመራ፣ ሰገነይቲና ሐላይ በኢጣሊያ ወሰን ገቡ። በግንቦት ከረንን፣ በሐምሌ አስመራን ያዘች። የምኒልክ መልእክተኛ ራስ መኮንን ወደ ኢጣሊያ ተጉዘው መስከረም 22 ቀን 1882 ተጨማሪ ውል ፈረሙ፤ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ወዳጅነት ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን እያገኘ ነው። ከዚያ በኋላ በ10ኛው ቀን፣ ጥቅምት 2፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥት ለአውሮፓ ኃያላን ማስታወቂያ አሰራጨ። በበርሊን ጉባኤ ስምምነት አንቀጽ 34 መሠረት፣ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ከእንግዲህ በኢጣሊያ በኩል ነው የሚል። ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት ጥቅምት 25 ነው። ዘውዱ ገና ሳይጫን በ23 ቀን ቀድሞ፣ የዘውዱ ባለቤት ሞግዚት እንዳለው ለዓለም ተነግሮ ነበር።

በኔ አስተያየት ጦርነቱ የተጸነሰው በዚህ ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ዕለት በፊት ክሪስፒ ስለ አንቀጽ 17 ቢሳሳት ስሕተቱን የሚያውቁት እሱና ምኒልክ ናቸው። ከዚያ ዕለት በኋላ ግን ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊን፣ ፒተርስበርግ ሰምተዋል። የኢጣሊያን ነገር ደግሞ ማስታወስ ይገባል። አገሪቱ ከተዋሐደች ገና 30 ዓመት አልሞላትም። ቱኒስን እመኛለሁ ስትል ፈረንሳይ በ1873 ነጥቃታለች፤ በዚያ ተከፍታ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጋር ቃል ኪዳን ገብታለች። በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶግዓሊ ላይ 500 ያህል ወታደር ስለጨረሱባት ሮም ውስጥ አደባባይ በሙታኑ ስም ሰይማለች። በኃያላኑ ማዕድ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ «እኔም አለሁ» የምትል አገር ናት። እንዲህ ያለ መንግሥት ለማዕዱ ሁሉ ያወጀውን ነገር «ይቅርታ፣ ተርጓሚው ተሳስቶ ነው» ብሎ ሊመልሰው ምን አንጀት ይኖረዋል? እንግሊዝ ደግሞ በ1883 በሁለት ፕሮቶኮል ኢትዮጵያን በኢጣሊያ የተፅዕኖ ክልል ውስጥ አስገብታ ድንበር ተካለለች። የኢጣሊያ ውርርድ ተመዘገበ ማለት ነው።

ምኒልክም የሚሰማቸው ነበር። ዘውድ መድፋታቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ሲያስታውቁ፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው ምላሽ ጉዳያቸውን በኢጣሊያ በኩል እንዲያደርጉ የሚያስታውስ ሆነ። ይህን ደብዳቤ ለማሰብ የዙፋኑን ዙሪያ ማየት ያስፈልጋል። ከጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አሉ፤ ከትግራይ የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ አሉ፤ ሁሉም የራሱ ሠራዊት፣ የራሱ የዘር ሐረግ፣ የራሱ ቂም አለው። ንጉሠ ነገሥት ማለት ከነገሥታት በላይ ነኝ ማለት ነው። የሮም ሎሌ የሆነ ሰው ከጎጃም ንጉሥ በላይ ሊሆን እንዴት ይችላል? ስለዚህ ምኒልክ በመስከረም 1883 ለኢጣሊያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ሁለቱ ቋንቋዎች እንዳልተገጣጠሙ ሲጽፉ የሚሟገቱት ከኢጣሊያ ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባቸው የቆመው መኳንንት ሁሉ ጆሮውን አቅንቷል።

አንቶኔሊ ነገሩን ሊያበርድ ተመልሶ መጣ። በ1883 ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ወራት የፈጀ ንግግር ተደረገ። ከዚያ ንግግር አንዲት ቅጽበት ራሱ አንቶኔሊ በጻፈው ሪፖርት ቀርታለች፤ የጦርነትን አመጣጥ ለማስረዳት ከብዙ ሰነድ ትበልጣለች። አንቶኔሊ ኢጣሊያ ለሌሎች መንግሥታት ተሳስቻለሁ ብላ ልታስታውቅ እንደማትችል፣ ክብሯን መጠበቅ እንዳለባት ተናገረ። እቴጌ ጣይቱ መለሱ፦ እኛም አንቀጹ በቋንቋችን ሌላ ትርጉም እንዳለው ለመንግሥታቱ አስታውቀናል፤ እንደ እናንተ ሁሉ እኛም ክብራችንን መጠበቅ አለብን። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነገር ነው የተናገረው። ስለ አንቀጹ እውነተኛ ትርጉም ማንም አልተከራከረም። አንቶኔሊ አማርኛው ልክ አይደለም አላለም፤ ያለው «ነግረናል» ነው። እቴጌይቱም «እኛም ነግረናል» አሉ። «በቅሎ አግባ!» «አግብቻለሁ!» ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም። አንቶኔሊ በየካቲት ተቆጥቶ አገር ለቆ ሄደ፤ በሚያዝያ ምኒልክ የአገራቸውን ወሰን የሚዘረዝር፣ ባዕዳን አፍሪካን ሲቀራመቱ ቁጭ ብለው እንደማያዩ የሚገልጽ ደብዳቤ ለኃያላኑ ሁሉ ላኩ። በየካቲት 1885 ውሉን አፈረስኩ አሉ። ይህንንም ያስታወቁት ለኢጣሊያ ብቻ አልነበረም።

ውርርድ ሲጋጋል ደግሞ ወታደር መራመድ ይጀምራል። የሚራመደውም «ለመከላከል» ነው። ኢጣሊያ ከአንቀጽ 3 መስመር አልፋ መረብ ደረሰች፤ ለምን ቢባል አስመራን ለመጠበቅ። ከራስ መንገሻ ጋር በ1884 መረብ ዳር ተማምላ ምኒልክን ከጀርባ ልታዳክም ሞከረች፤ ራስ መንገሻ ግን በ1886 ከራስ አሉላ ጋር ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክመው አዲስ አበባ ገቡ። ለሰፋሪ ተብሎ መሬቱ የተወሰደበት የአካለ ጉዛይ ገበሬ ሲማረር፣ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ሰገነይቲ ላይ አመጹና ሐላይ ላይ ወደቁ። የኢጣሊያው ጄኔራል ባራቲዬሪ ከአመጹ ጀርባ መንገሻ አለ ብሎ መረብን ተሻገረ፤ በጥር ኮዓቲት ላይ ተዋጋ፤ በመጋቢት ዐዲግራትን ያዘ፤ ያን ለመጠበቅ መቀሌ፣ መቀሌን ለመጠበቅ አምባላጌ። ካርታ ላይ ብታዩት ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ የመከላከያ መስመር ነው፤ መከላከያው የሚሄድ መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ። አንዱ እርምጃ ሌላውን ይወልዳል፤ ማንም ጦርነት ጀመርኩ አይልም። በዚያው ዓመት ክረምት ባራቲዬሪ ሮም ሲመለስ እንደ ጀግና ተጨበጨበለት። ጭብጨባም ዕዳ ነው።

ክተት አዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ነው። የሸዋ ጦር የተቀጠረው ወረኢሉ፣ እዚሁ ወሎ ላይ ነበር። አምባሰል በሰባተኛው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱን መልሳ አየቻቸው ማለት ይቻላል፤ በ1881 ወዳጅ ሊያበጁ መጥተው ነበር፣ በ1888 ያንኑ ወዳጅ ሊወጉ ወደ ሰሜን አለፉ። ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ የኢጣሊያው የማጆር ቶዜሊ ጦር ተደመሰሰ። መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የተከበበው የማጆር ጋሊያኖ ጦር በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃው ተይዞበት ሊያልቅ ሲል፣ ምኒልክ መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ለቀቁት። ይህን ድርጊት ብዙ ሰው በደግነት ወይም በየዋህነት ይተረጉመዋል። ለኔ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ኢጣሊያ ሳታፍር የምትወጣበት በር መክፈት ነበር። ድርድሩም ቀጠለ፤ የኢጣሊያው ማጆር ሳልሳ ወደ ኢትዮጵያ ሰፈር ተመላለሰ። የምኒልክ ጥያቄ አንቀጽ 17 እንዲቀርና ኢጣሊያ ወደ ቀድሞው ወሰን እንድትመለስ ነበር። ሮም እምቢ አለች።

የካቲት ሲገባ ሁለቱም ጦር ተርቧል። ባራቲዬሪ የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ የምኒልክም ሠራዊት የአካባቢውን እህል ጨርሶ ሊበተን ተቃርቧል። ሁለት የተራበ ሠራዊት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሁለቱም ወደ ቤቱ መመለስ እየፈለገ፣ ማን ቀድሞ ይነሳ የሚል ነው ጥያቄው። ያኔ ከዐድዋ አምስት ቀን በፊት ክሪስፒ ቴሌግራም ላከ። ይህ ጦርነት ሳይሆን የወታደር ሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ጄኔራሉን ወረፈው፤ የጦሩን ክብርና የዘውዱን ዝና ለማዳን መንግሥቱ ማናቸውንም መሥዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ መሆኑን ገለጸ። ስለ አንቀጽ 17 ቃል የለም፤ ስለ መሬት ቃል የለም። ባራቲዬሪ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ማፈግፈግን ሲያነሳ ከመካከላቸው ዳቦርሚዳ፣ ኢጣሊያ በውርደት ከመመለስ ሁለት ሦስት ሺህ ሰው ብታጣ ትመርጣለች አለ። እሱ ራሱ ከማይመለሱት አንዱ ሆነ። ከኢጣሊያ በኩል ከተሰለፈው ወደ 17,000 ገደማ ሠራዊት ወደ 6,000 የሚሆን ሞተ፤ ከእነሱ መካከል የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩበት። ከኢትዮጵያም በሺህ የሚቆጠር ወደቀ።

ሙግቱ ያለ ተቃውሞ እንደማያልፍ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ኢጣሊያ ቅኝ ልትገዛን ተነስታ ነበር፣ አንቀጹ ሰበብ ነው፣ ጦርነቱ አይቀሬ ነበር» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ኢጣሊያ ተመኝታለች፤ የጣሊያንኛው ቃልም በአጋጣሚ የተጻፈ አይመስልም። ግን መመኘትና መዋጋት መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። በ1883 ክሪስፒ ወርዶ ሩዲኒ ሲተካው የሮም መንግሥት የቅኝ ግዛቱን ወጪ መቁረጥ ያዘ፤ ምጽዋን፣ ከረንንና አስመራን በሚያገናኘው ሦስት ማዕዘን ብቻ ተወስኖ መቀመጥም ታስቦ ነበር። ክሪስፒም ሲመለስ የፈለገው ርካሽ ድል ነው፤ ብዙ ጦር የጫነው ከአምባላጌ ሽንፈት በኋላ ነው። ሊዋጋ የተዘጋጀ መንግሥት እንዲህ አያደርግም። ሳያዋጋ ይበቃኛል ብሎ ያስያዘው ውርርድ ጎትቶ ያስገባው ነው።

ለዚህ መልስ ማነጻጸሪያ የሚሆነው የ1928ቱ ወረራ ነው፤ እዚያ ላይ ተቃዋሚው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ የተተኮሰው ጥይት ሙሶሊኒን ወደ ጦርነት አልሳበውም፤ ምክንያት ሰጠው እንጂ። ቦታው ከድንበር ብዙ ወደ ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ምድር ሆኖ ሳለ ኢጣሊያ ይቅርታና ካሳ ጠየቀች። ጃንሆይ ለመንግሥታት ማኅበር አመለከቱ፤ የሽምግልና በር ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ሙሶሊኒ ግን ወታደሩንና የመርዝ ጋዙን ወር በወር ያጓጉዝ ነበር። አንዱ ወገን ቆርጦ ከተነሳ ቃል ማለዘብ፣ በር መክፈት አይሠራም። ስለዚህ የኔ ነገር ለጦርነት ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ማንም በሙሉ ልቡ ሳይፈልገው የሚመጣውን ጦርነት ብቻ ነው የሚያስረዳው፤ ያም ጥቂት አይደለም። በ1906 ሰኔ 21 ቀን ሳራዬቮ ላይ አንድ አልጋ ወራሽ ተገደለ፤ ሐምሌ 28 ላይ ኦስትሪያ፣ ሰርቢያ፣ ሩሲያ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። 37 ቀን። እያንዳንዱ ለሌላው ቃል ገብቶ፣ ቃሉን አውጆ፣ ክተት ጠርቶ፣ የተጠራውን ባቡር መመለስ አቅቶት ነው የገባው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያማል። «ምኒልክንስ ንጹሕ ማድረግህ ነው?» የሚል ነው። አይደለም። ኢጣሊያን ደጃችን ድረስ ያመጣት የራሳችን ፉክክር ነበር። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ዐፄ ዮሐንስ ከኢጣሊያ ጋር ሲፋጠጡ፣ በጥቅምት 1880 ከሮም ጋር በምስጢር ተዋውለው 5,000 ጠመንጃ ተቀብለዋል። ራስ መንገሻ መረብ ዳር የማሉትም በዚያው ስሌት ነው። ባላንጣን ለማሸነፍ ከውጭ ጡንቻ መበደር ለአንድ ዘመን ይጠቅማል፤ አበዳሪው ግን ብድሩን ሊቀበል ሲመጣ ከነወለዱ ነው። ይህን ማለት የዐድዋን ድል አያሳንስም። ከዚያ ሁሉ የእርስ በርስ ቂም በኋላ ጎጃሙ፣ ትግሬው፣ ሸዋው፣ ወሎው፣ ኦሮሞው በአንድ ቀን አንድ ሜዳ ላይ መገኘቱን ይበልጥ የሚያስደንቅ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የሚነሳው «ታዲያ ክብር ከንቱ ነው ማለትህ ነው?» የሚል ነው። ክብር ከንቱ ቢሆን ኖሮ እቴጌ ጣይቱ ዝም ይሉ ነበር፤ ኢትዮጵያም ዐድዋን ሳትዋጋ የሮም ጥገኛ ሆና ትቀር ነበር። ክብር የተጣለበት ነገርና ክብር የሚያመልጥበት በር ሁለቱም እንዲኖሩ ነው የሚፈለገው። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ደም ሲያደርቁ ሥራቸው ይኸው ነው። ሁለቱን ወገን መጀመሪያ አያፋጥጧቸውም፤ አንዱ የተናገረውን የምሬት ቃል ወደ ሌላው አያደርሱም፤ የበደለው ሳይዋረድ የሚክስበትን፣ የተበደለው ሳይናቅ የሚተውበትን መንገድ ያበጃሉ። በ1883 አንቶኔሊና ጣይቱ መካከል እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። እንግሊዝ የኢጣሊያን ወገን ይዛ ካርታ ትሰነጥቃለች፤ የፈረንሳይ ነጋዴ መሣሪያ ይሸጣል። ተመልካች ብዙ ነበር፤ አስታራቂ ግን አንድም።

ክሪስፒ በዐድዋ ማግስት ከሥልጣን ወረደ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ስምምነት ተሰረዘ፤ ኢጣሊያም የኢትዮጵያን ነፃነት ያለ ምንም ገደብ አወቀች። በ1883 የማይቻል የተባለው፣ ክብር አይፈቅድም የተባለው እርማት፣ ከሺህ በሺህ ሬሳ በኋላ በአንድ ፊርማ ተፈጸመ። አንቀጽ 17 ያኔ ሞተ። ሁላችንም የምናውቀውና ድራማ የሚሠራበት ግን እሱ ነው።

በአንጻሩ አንቀጽ 3ን የሚያነሳው የለም። መስመሩን የከፈተው እሱ ነበር፤ ከዐድዋ በኋላም ምኒልክ ከመረብ ማዶ ያለውን ለኢጣሊያ ትተው በ1892፣ በ1894 እና በ1900 በተፈረሙ ሦስት ውሎች ድንበር ተካለሉ። በ1990 ባድመ ላይ ጠብ ሲነሳ አዲስ አበባና አስመራ ሁለቱም በየመገናኛ ብዙኃናቸው ቃላቸውን አውጀው፣ ቃላቸውን መመለስ አቅቷቸው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በምሽግ ቀበሩ። ሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ፍርድ ሲሰጥ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋቸው እነዚያኑ የምኒልክ ዘመን ሦስት ውሎች ነበሩ። በመጪው መስከረም ለግሸን የምትወጡ ሁሉ፣ ስትመለሱ ውጫሌ ላይ ጥቂት ቁሙ፤ ስለ አንቀጽ 17 የሚነግራችሁ ሰው አታጡም፣ ስለ አንቀጽ 3 ግን ጠይቁት።